ኢታኖልና የቤንዚን ፒክ አፕ፦ በወሎ ጋራዦች የሚነገረውና እውነታው

ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በጀሪካን የሚሸጠው ዋጋው ሲንር፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ጋራዦች ከሚነሡ ጉዳዮች አንዱ የቤንዚን ፒክ አፕን በኢታኖል፣ ማለትም ለነዳጅ በሚሆን አልኮል፣ እንዲሠራ አድርጎ መቀየር ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1975 በጀመረችው የኢታኖል መርሐ ግብር ምክንያት፣ በኢታኖል ብቻ የሚሄድ የቤት መኪና እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ቀርቧል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ደግሞ ቤንዚንንም ኢታኖልንም በፈለጉት መጠን እየቀላቀሉ የሚነዷቸው መኪኖች በዚያች አገር የተለመዱ ሆነዋል። ይሁን እንጂ በእኛ አካባቢ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ምክር እውነትና ስሕተት የተደባለቁበት ነው። የሚከተለው ማብራሪያ በተለይ ካርቡሬተር (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅል ክፍል) ያላቸውን የቆዩ ፒክ አፖች የሚመለከት ነው።

«በእሳት የሚነድ አረቄ ለሞተርም ይሆናል»

የአረቄን ጥንካሬ ክብሪት ጭሮ መፈተን የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን አልኮል ግማሽ ያህሉ ውሃ ሆኖም እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ የክብሪቱ ፈተና የሚያረጋግጠው አረቄው ብርቱ መጠጥ መሆኑን እንጂ ነዳጅ መሆኑን አይደለም። ሲሊንደር ውስጥ የገባው ውሃ ለመትነን ሙቀት ይወስዳል፣ የነዳጁን ቦታ ይይዛል፣ ብልጭታውንም ያዳክማል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮልም የሚያንሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ለነዳጅ የሚሆነው ኢታኖል በፋብሪካ ማማ ተደጋግሞ ተነጥሮ 95 በመቶ አካባቢ የደረሰው ነው፤ የቀረውን ጥቂት ውሃ ማንጠር ብቻውን ስለማያወጣው፣ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው ኢታኖል ውሃን መርጦ በሚይዝ ማድረቂያ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል።

በወሎ ብዙ ሰው አልኮልን መኪናው ላይ መጫን ራሱ ያሳስበዋል። የሃይማኖቱን ብይን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ ከሙያው በኩል ግን የነዳጅ ኢታኖል እንዳይጠጣ ሆን ተብሎ ቤንዚን ወይም ሌላ ነገር የሚጨመርበት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

«ጠብታ ውሃ ካለበት ኢታኖሉ ተበላሽቷል»

ይህኛው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ የሄደ ነው። ብራዚላውያን ከማደያ የሚቀዱት ኢታኖል ከ100 እጅ ከ5 እስከ 7 የሚሆን ውሃ አለበት፤ ለዚያ የተዘጋጀ ሞተርም ያለ ችግር ይሠራበታል። ችግሩ የሚነሣው ይህንኑ ውሃ የያዘ ኢታኖል በጥቂቱ ቤንዚን ላይ ሲጨምሩት ነው። 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ሊሸከም የሚችለው ውሃ ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ካለፈ ውሃውና አልኮሉ ተያይዘው ከታንኩ ሥር ይዘቅጣሉ፤ ነዳጅ የሚሳበውም ከሥር ነው። ብርዱ ሲበረታ የሚሸከመው ውሃ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ አንድ የነበረ ድብልቅ ሌሊቱን ደሴ ላይ አድሮ ጠዋት ለሁለት ተከፍሎ ሊገኝ ይችላል።

«ኢታኖል ደካማ ስለሆነ የሐረጎን ዳገት አያስወጣም»፤ «ኢታኖል ኃይለኛ ስለሆነ ትንሹ ብዙ ያስኬዳል»

ሁለቱ አባባሎች እርስ በርሳቸው ቢጋጩም በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሲነገሩ መስማት ይቻላል፤ ሁለቱም የተሳሳቱት የነዳጁን ፍጆታና የሞተሩን ጉልበት አንድ አድርገው ስላዩ ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ሲይዝ፣ አንድ ሊትር ኢታኖል የሚይዘው 21 ገደማ ነው። ስለዚህ ፍጆታው መጨመሩ አይቀርም። በቤንዚን አንዱን ሊትር 9 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒክ አፕ በኢታኖል ወደ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ከደሴ አዲስ አበባ ላለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 44 ሊትር ይበቃው የነበረው ከ60 ሊትር በላይ ይፈልጋል። ብራዚላውያን ማደያ ላይ የሚጠቀሙበት ስሌት ቀላል ነው፦ የኢታኖሉ የሊትር ዋጋ ከቤንዚኑ 70 በመቶ በታች ካልሆነ ቤንዚኑን ይቀዳሉ። ይህን ስሌት ሳይሠሩ ለመቀየር መነሣት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጉልበት ግን ሌላ ነገር ነው። ሲሊንደር በአንድ ስበት የሚያስገባው አየር የተወሰነ ነው፤ ጉልበቱም የሚለካው በዚያ አየር ሊነድ በሚችለው ነዳጅ ነው። ኢታኖል በሞለኪዩሉ ውስጥ የራሱን ኦክሲጅን ስለያዘ በተመሳሳይ አየር ከቤንዚን ይልቅ ብዙ ይነድዳል፤ ስሌቱ ሲሠራ ከአንድ ኪሎ አየር የሚገኘው ኃይል በሁለቱም ነዳጆች ከሞላ ጎደል እኩል ነው። እንዲያውም ኢታኖል ሲተን ብዙ ሙቀት ስለሚስብ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ የበለጠ ታምቆ ይገባል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት መኪናው የሚያቃስተው በአብዛኛው አየሩ ስለሳሳ ነው፤ በኢታኖል ከተቀየረ በኋላ የባሰበት ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የልኬት ነው። ልኬቱን በተመለከተ ያለው ስሕተት ከሁሉም የከፋ ነው።

«ነዳጁ በግማሽ ስለሚጨምር የካርቡሬተሩን ቀዳዳ በግማሽ ማስፋት ነው»

አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ አንድ ኪሎ ኢታኖል ግን 9 ኪሎ ብቻ ይበቃዋል። የሁለቱ ክብደት ልዩነት ታስቦ ወደ ሊትር ሲለወጥ፣ ለተመሳሳይ አየር የሚያስፈልገው ኢታኖል ከቤንዚኑ በ50 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ አባባሉ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው መካኒኩ መሰርሰሪያውን ሲያነሣ ነው፤ ምክንያቱም በቀዳዳ የሚያልፈው ነዳጅ የሚወሰነው በቀዳዳው ስፋት እንጂ ከዳር እስከ ዳር ባለው ርዝመቱ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢቦረቦር የሚያሳልፈው ነዳጅ በግማሽ ሳይሆን ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። የሚፈለገው ወደ 1.25 ሚሊ ሜትር ማድረስ ብቻ ነው። ቀዳዳው ከሚገባው በላይ ሲሰፋ ትርፉ ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት ያጥበዋል፣ ወደ ሞተር ዘይቱም ይወርዳል። ጨርሶ ሳይሰፋ ኢታኖል ብቻ ከተቀዳበት ደግሞ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ቫልቭና ፒስቶንም ይቃጠላሉ።

ዋናው ቀዳዳ ብቻውን መስተካከሉም አይበቃም። መኪናው ቆሞ በቀስታ ሲሠራ ነዳጅ የሚሰጠው መስመር የራሱ ቀዳዳ አለው፤ ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ ነዳጅ የሚረጨው ትንሽ ፓምፕም እንዲሁ ተጨማሪ መስጠት አለበት። እነዚህን ረስቶ ዋናውን ብቻ ያሰፋ ሰው መኪናው በሩጫ ደኅና ሆኖ ሳለ ፒያሳ ላይ ትራፊክ ባስቆመው ቁጥር ይጠፋበታል።

በካንዴላው (ብልጭታ በሚሰጠው ዕቃ) ቀለም መፍረድም እዚህ ላይ ያሳስታል። ኢታኖል ያለ ጥላሸት ስለሚነድ ካንዴላው በትክክለኛ ድብልቅም ቢሆን ነጣ ብሎ ይታያል፤ በቤንዚን ዓይኑን ያሠለጠነ መካኒክ ይህን አይቶ «ነዳጅ አንሶታል» በማለት ቀዳዳውን ደጋግሞ ያሰፋዋል። አስተማማኙ መንገድ ከማርሚታው በፊት ባለው የጭስ ቱቦ ላይ ኦክሲጅን የሚለካ ሴንሰር አስገብቶ፣ መኪናውን ዳገት እያስወጡ ንባቡን መመልከት ነው።

«ደሴ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር የትም ይሄዳል»

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ከፍታ ሲጨምር ነዳጁ ይበዛል፣ ሲወረድ ያንሳል። እንግዲህ ደሴ ላይ በጠባቡ የተለካ ፒክ አፕ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ሲወርድ፣ ሙቀቱ በሚበረታበትና ጭነት በሚበዛበት ስፍራ ድብልቁ ይሳሳል ማለት ነው። ኢታኖል ከቤንዚን ይልቅ የነዳጅ መብዛትን የሚታገሥ በመሆኑ፣ ቆላና ደጋ ለሚመላለስ መኪና ልኬቱን ቆላው ላይ መውሰድና ደጋው ላይ ትንሽ መብዛቱን መቀበል ይሻላል።

«ኢንጀክሽን ያለው መኪና ራሱ ያስተካክላል»

ያስተካክላል፣ ግን በገደብ። የመኪናው ኮምፒዩተር የጭሱን ኦክሲጅን እያነበበ ነዳጅ የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 20 ወይም 25 በመቶ ነው፤ ንጹሕ ኢታኖል የሚጠይቀው ግን 50 በመቶ ገደማ ነው። ትልልቅ ኢንጀክተሮች (የነዳጅ መርጫዎች) ወይም የተለወጠ ፕሮግራም የግድ ነው።

«ኢታኖል ብረቱንም ላስቲኩንም በልቶ ይጨርሳል»

የሚጎዳው ሁሉንም አይደለም። የቆየ የነዳጅ ላስቲክ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ ቡሽ ጋስኬት ይላላል፤ ውስጡ በእርሳስ ቅብ የተለበጠ ታንክ፣ የዚንክና የአሉሚኒየም የካርቡሬተር ክፍሎችም ውሃ ባለበት ኢታኖል ከጊዜ ብዛት ይበላሉ። ለአልኮል ተብሎ የተሠራ የነዳጅ ላስቲክና የማይዝግ ብረት ግን ይችሉታል። ብዙ ሰው «ኢታኖሉ ሞተሬን ገደለው» የሚለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሆነው ኢታኖሉ በታንኩና በቱቦው ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ አጥቦ ማጣሪያው ላይ መከመሩ ነው። ስለዚህ ታንኩን ቀድሞ ማጠብ፣ ማጣሪያውንም ከጥቂት ቀናት በኋላ መቀየር ይገባል።

«በደጋ ጠዋት ፈጽሞ አይነሣም»

በንጹሕ ኢታኖል ከሆነ ሥጋቱ እውነት ነው። ኢታኖል ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች በቂ ተን ስለማይሰጥ ብልጭታው የሚያቀጣጥለው ነገር ያጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ጠዋት፣ ይልቁንም በጉጉፍቱና በወገል ጤና፣ ከዚህ በታች ነው። ባትሪው እስኪደክም ማስነሻውን ማዞር መፍትሔ አይደለም። ብራዚላውያን ለዚህ ያበጁት ዘዴ በመኪናው ፊት ትንሽ የቤንዚን ታንክ አስቀምጦ፣ ሞተሩን በቤንዚን አስነሥቶ ሲሞቅ ወደ ኢታኖል ማዞር ነው። ማታ ከማጥፋት በፊት ለጥቂት ጊዜ በቤንዚን ማሠራት ካርቡሬተሩ ቤንዚን ይዞ እንዲያድር ያደርጋል። ሌላው መንገድ ኢታኖሉ ላይ 15 በመቶ ቤንዚን መቀላቀል ነው።

«የናፍጣውም ፒክ አፕ በዚያው መንገድ ይቀየራል»

አይቀየርም። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ በታመቀ አየር ሙቀት ራሱ መቀጣጠል አለበት፣ ኢታኖል ደግሞ ይህን እጅግ ይቃወማል።

«ለኢታኖል ከቀየሩ አይቀር ቴስታታውን አስልጦ ሞተሩን ማጠንከር ነው»

ኢታኖል ሳያንኳኳ (ያለ ጊዜው ራሱ ሳይቀጣጠል) ብዙ መታመቅን ስለሚችል፣ መታመቁን ለመጨመር ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ማስላጡ ጉልበትም የነዳጅ ቁጠባም እንደሚጨምር እውነት ነው። ሆኖም ቀዳዳ ሰፍቶ የማይስማማ ቢሆን የድሮውን ክፍል መልሶ ማሰር ይቻላል፤ የተላጠ ቴስታታ ግን አይመለስም፣ ቤንዚን ሲቀዳበትም ያንኳኳል። አገራችን በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ያመረተችው ኢታኖል በ2001 ዓ.ም. በ5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በ10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የተሸጠው በአዲስ አበባ ነበር፤ በወሎ መንገዶች ላይ ንጹሕ ኢታኖል የሚቀዳ ማደያ የለም። ስለዚህ ነዳጁን ከየት በቋሚነት እንደሚያገኝ በእጁ ያልያዘ ባለንብረት ቴስታታውን እንዳለ ትቶ፣ የቀድሞዎቹን የካርቡሬተር ክፍሎች በመኪናው ዕቃ ሣጥን ውስጥ ይዞ መንቀሳቀስ ይኖርበታል።