ሙንሾት ምንድን ነው? ሕልም ማወጅ ብቻ ለሚመስላቸው

ሰሞኑን አንድ የአመራር አሠልጣኝ ስለ ቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሲናገር ሰማሁ። "ኬኔዲ ጨረቃ ላይ እንወጣለን ሲል እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቅ ማንም አልነበረም" አለ። "መሪ ማለት ይሄ ነው። ትልቁን ሕልም አውጁ፤ መንገዱ ራሱ ይመጣል።" አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። እንዲህ ያለውን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። አሁን አሁንማ ስታርትአፑም፣ ባንኩም፣ መሥሪያ ቤቱም ትንሽ ከበድ ያለ ዕቅድ ሲያወጣ "የእኛ ሙንሾት" ማለት ይዟል። እኔ የሲስተም ፈታሽ ነኝ። አንድ ነገር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የት ላይ ሊከዳን እንደሚችል መፈለግ ነው እንጀራዬ። ስለዚህ ይሄኛውን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ሰው እሱን አምኖ ገንዘቡንና ዓመታቱን ያፈሳልና።

ሙንሾት (ቃሉ ወደ ጨረቃ መተኮስ ማለት ነው) በአጭሩ መድረስ አለመድረሱ በዓይን የሚታይ አንድ ግብ ነው። ቀን ይቆረጥለታል። የማይታወቀው ነገር ደግሞ አንድ በአንድ እየተፈተነ ይሄድበታል። ብዙ ሰው የሚይዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰው ጨረቃ ላይ ያሳረፈውን የአሜሪካ ፕሮግራም፣ የአፖሎን ታሪክ በጥቅሉ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። እኔን የሚያከራክረኝ "መንገዱ ራሱ ይመጣል" የሚለው ነው።

ከኬኔዲ እንጀምር። 1960ዎቹ ሳያልቁ ሰው ጨረቃ ላይ አድርሰን እንመልስ ያለበት ዝነኛው ንግግር ለኮንግረስ የተደረገው ሜይ 25 ቀን 1961 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ አንድ ወር ገደማ በፊት፣ ኤፕሪል 20፣ ኬኔዲ ለምክትሉ ለሊንደን ጆንሰን አጭር ማስታወሻ ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው የጠፈር ሰው፣ ሶቪየቱ ጋጋሪን ከበረረ ገና ሳምንት አልፎት ነው። ማስታወሻው በጥያቄ የተሞላ ነው። ሶቪየቶችን በምን ልንቀድም እንችላለን? ጠፈር ላይ ላብራቶሪ በማቆም? ጨረቃን በመዞር? ሰው አድርሶ በመመለስ? ተጨማሪ ወጪው ስንት ነው? ከተጠየቁት ባለሙያዎች አንዱ የሮኬት ኢንጂነሩ ቨርነር ፎን ብራውን ነበር። የእሱ መልስ ሰው ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ ሶቪየቶችም ገና ያልያዙት ግዙፍ ሮኬት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥሩ ዕድል አለን የሚል ነበር። በኋላ ወደ ጨረቃ ለወሰዳቸው ሮኬት፣ ለሳተርን 5 የሆነው የኤፍ-1 ሞተር ሥራም ከንግግሩ በፊት ተጀምሯል። ግቡ የተመረጠው ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ተጠይቆ፣ ተመዝኖ ነው።

ሠርግ የደገሰ ቤተሰብ ይሄ አይጠፋውም። ቀን የሚቆረጠው በርበሬው መኖሩ፣ ገብሱና ጌሾው መገኘቱ፣ ሰው መሰብሰቡ ከታሰበ በኋላ ነው። ጥር ካለፈ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ያኔ ሠርግ ብሎ ነገር የለም። ወደ ማርስ የሚተኮስ መንኮራኩርም እንደዚያው ነው። አመቺው ጊዜ ካመለጠው ሌላ 26 ወር ገደማ ይጠብቃል። ቀን መቁረጥ ግን ጠላ አይጠምቅም። ጠላው ጊዜውን ይፈልጋል፣ ይቀመሳል። ጓዳ ያለችው ሴት "አልደረሰም" ካለች የሙሽራው አባት ቢቆጣም አይቀዳም። ይህቺን ጓዳ ያዙልኝ።

እርግጥ ተናጋሪው በአንድ ነገር በከፊል ልክ ነው። በሜይ 1961 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በየትኛው ዘዴ እንደሚሄድ አልወሰነም ነበር። አንድ ግዙፍ ሮኬት ቀጥታ ጨረቃ ላይ ይረፍ? ወይስ ክፍሎቹ ምድር ዙሪያ ላይ ይገጣጠሙ? ጆን ሁቦልት የሚባል፣ በናሳ ላንግሊ ማዕከል የሚሠራ ኢንጂነር ሦስተኛ መንገድ ይዞ ይሟገት ነበር። ትንሽ ማረፊያ መንኮራኩር ብቻ ትውረድ፣ ስትመለስ ጨረቃ ዙሪያ ከምትጠብቃት ጋር ትገናኝ አለ። ብዙዎቹ ይሄ ዕብደት ነው አሉት። በኖቬምበር 1961 አለቆቹን ሁሉ ዘልሎ ለናሳ ከፍተኛ ኃላፊ ለሮበርት ሲማንስ ደብዳቤ ጻፈ። ሲማንስ "የሥልጣን ተዋረድ ጣስክ" ብሎ አልቀጣውም፤ ሐሳቡ እንዲመረመር አደረገ እንጂ። በጁላይ 1962 የእሱ መንገድ መመረጡ ይፋ ሆነ። እንግዲህ መንገዱ ራሱ አልመጣም። አንድ ሰው ተሟግቶ አመጣው፣ በላይ ያሉት ደግሞ ሰሙት።

ከዚያ ለአፖሎ መለማመጃ የሆነው የጄሚኒ ፕሮግራም ቀጠለ። በ1965 እና 1966 ሰው የጫኑ 10 በረራዎች ተደረጉ። ሁለት መንኮራኩሮች ጠፈር ላይ መገናኘት ይችላሉ ወይ? ሰው 2 ሳምንት ይቆያል ወይ? ውጭ ወጥቶ መሥራትስ? ጠፈርተኛው ዩጂን ሰርናን በጁን 1966 ሲወጣ ድካም ጣለው፣ የራስ ቁሩ መስታወት በላብ ተሸፈነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በዝ ኦልድሪን ውኃ ገንዳ ውስጥ ተለማምዶ፣ እጅና እግር መደገፊያ ተበጅቶለት ወጣ፤ ሥራውን ሠርቶ ተመለሰ። የማይታወቀውን አንድ በአንድ መዝጋት የምለው ይሄንን ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ሰው የማያነሳውን አፖሎ 10ን ነው። በሜይ 1969 ቶማስ ስታፎርድና ሰርናን በማረፊያዋ መንኮራኩር ወርደው ከጨረቃ ወለል 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደረሱ። ቋጥኙ፣ ጉድጓዱ ይታያቸዋል። አላረፉም። ተመልሰው ወጡ። ዕቅዱም እንደዚያ ነበር፤ ከማረፉ በቀር ሁሉንም ሞክሮ መመለስ። የተቆረጠው ቀን ሊያልቅ የቀረው 7 ወር ነው። "ትልቁን ሕልም አውጁ" የሚለው ሰው ስለዚህ በረራ ምን ይል ይሆን? እዚያ ድረስ ሄዶ "ዛሬ አይደለም" ማለት ለእኔ የአፖሎ ትልቁ የአመራር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጓዳዋ ልመለስ። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ካረፈበት ከአፖሎ 11 ማረፍ 2 ሳምንት ገደማ በፊት፣ ሂዩስተን ባለው የናሳ መቆጣጠሪያ ማዕከል የማስመሰያ ልምምድ ነበር። አሠልጣኞቹ የመንኮራኩሯ ኮምፒውተር ያልተለመደ የማስጠንቀቂያ ቁጥር እንዲያሳይ አደረጉ። ተቆጣጣሪው ስቲቭ ቤልስ ትርጉሙን ስላላወቀ ማረፉ ይቋረጥ አለ። ስህተት ነበር። የበረራ ኃላፊው ጂን ክራንዝ ሊመጡ የሚችሉት ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ እንዲጠኑ አዘዘ። የ24 ዓመቱ ጃክ ጋርማን ዝርዝሩን በእጁ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጋርማን ዋናው አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ከኋላ ባለው የድጋፍ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ጓዳ ማለት ነው። ጁላይ 20 ጠፈርተኞቹ አርምስትሮንግና ኦልድሪን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያሉ 1202 የሚል ቁጥር መጣ። ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ነው፤ አንገብጋቢ ያልሆነውን እየጣለ ዋናውን ይቀጥላል። ጋርማን ዝርዝሩን አይቶ ቶሎ ቶሎ እስካልተደጋገመ ችግር የለም አለ። ቤልስ "ቀጥሉ" አለ። ክራንዝ ተቀበለ። ከወጣት ኢንጂነር እስከ ጠፈርተኛው ጆሮ ድረስ ያለው በሰከንዶች አለቀ። ልምምዱ ላይ ባይሳሳቱ ኖሮ ይሄ ዝርዝር አይኖርም ነበር።

"ሥጋት አይፈሩም ነበር" የሚለውም አለ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 የአፖሎ ጠፈርተኞቹ ጋስ ግሪሰም፣ ኤድ ኋይትና ሮጀር ቻፊ መንኮራኩራቸው ውስጥ ሆነው መሬት ላይ በሚደረግ ሙከራ እሳት ተነስቶ ሞቱ። ሮኬቱ ነዳጅ ስላልተሞላ ሙከራው አደገኛ ተብሎ አልተመደበም ነበር። የመንኮራኩሩ ውስጥ ግን በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቷል፤ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። ባለመፍራታቸው ያተረፉት ነገር የለም። ቀጣዩ ሰው የጫነ በረራ እስከ ኦክቶበር 1968 ቆየ። በሩ ወደ ውጭ በሰከንዶች እንዲከፈት ተደርጎ እንደ አዲስ ተሠራ፣ በቀላሉ የሚነደው ዕቃ ተቀየረ። ያም ሆኖ በተቆረጠው ቀን ደረሱ።

ሕልም ብቻውን ቢበቃ ሶቪየቶችም ይደርሱ ነበር። ኤን-1 የተባለው ሮኬታቸው የመጀመሪያ ክፍል 30 ሞተር ነበረው። ሁሉም አንድ ላይ ተቀጣጥለው መሬት ላይ ተፈትነው አያውቁም፤ ለዚያ የሚሆን መፈተኛ አልተሠራም። ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተተኮሰ፣ አራቱም ጊዜ ከሸፈ። የሳተርን 5 የመጀመሪያ ክፍል 5ቱም ሞተሮች ግን በኤፕሪል 1965 መሬት ላይ ታስረው፣ አንድ ላይ ተቀጣጥለው ተፈትነዋል።

እንደ ፈታሽ አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቁኝም። ሁሉም ነገር ቀስ በቀስ ይሂድ እያልኩ አይደለም። የናሳው ጆርጅ ሙለር ሳተርን 5ን ክፍል በክፍል ማብረር ጊዜ ይፈጃል ብሎ በኖቬምበር 1967 ሦስቱንም ክፍል በአንዴ አስተኮሰ። የፎን ብራውን ሰዎች ደንግጠው ነበር፤ በረራው ግን ተሳካ። ይሄ ድፍረት የተቻለው እያንዳንዱ ክፍል መሬት ላይ ስለተፈተነ ነው። መሬት ላይ ያልፈተነ ሰው የሙለርን ስም ባይጠራ ደስ ይለኛል።

ገንዘቡም አለ። በ1966 ናሳ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት ከ4 በመቶ በላይ ወስዷል። አፖሎ 25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ። በጀት ሳይመድቡ "ሙንሾት" ማለት ሠራተኛውን ማድከም ነው።

ሌላው የሚከነክነኝ ግቡ ሲደረስ የሚሆነው ነው። የሳተርን 5 ምርት እንዲቆም የተወሰነው በ1968፣ አርምስትሮንግ ገና ሳያርፍ ነው። ዲሴምበር 1972 ላይ አፖሎ 17 የመጨረሻው ሆነ፤ ከእሱ በኋላ የታቀዱት ጉዞዎች ቀድሞ ተሰርዘዋል። ሄዶ መመለስ ተብሎ ነበር፣ ሄደው ተመለሱ። ለአንድ ጊዜ ድል ይሄ ችግር የለውም። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን በየዓመቱ መሥራት አለባቸው። ለእነሱ ዕቅድ ሲወጣ "ሙንሾት" የሚለውን ስም ተዉት፤ የሚያስፈልጋቸው ለከርሞም የሚቀጥል በጀትና ሰው ነው።