ቫኪዩም ምንድን ነው? «ሳበው» የምንለውስ?

በቀደም ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት እየወረድን ነበር። ጣርማ በር ላይ አንድ ልጅ ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰና የፕላስቲክ ጠርሙሱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ቆላ ስንገባ ጠርሙሱ ጎንና ጎኑ ገብቶ ጭምድድ ብሏል። ልጁ ግራ ገብቶት ሲያገላብጠው፣ ከኋላ የተቀመጡ ሰውዬ «ውስጡ ቫኪዩም ሆኖ ስቦት ነው» ብለው አስረዱት። ልጁም አመነ።

እኔ የፍሪጅ ጥገና አስተምራለሁ። «ቫኪዩም ሳበው» የሚለውን ነገር በየዓመቱ ከተማሪ እሰማለሁ፣ ከፓምፕ ሻጭ እሰማለሁ፣ ከጋራዥ እሰማለሁ። አሁን ግን በዛብኝ።

ቫኪዩም አይስብም። ቫኪዩም ማለት በዙሪያው ካለው አየር ያነሰ ግፊት ያለበት ቦታ ነው፣ በቃ። እጅ የለው፣ ገመድ የለው፣ በምን ይስባል? የሚሠራው የውጭው አየር ነው። አየር ሁልጊዜ ይገፋል። ከውስጥ መልሶ የሚገፋው ሲያንስ የውጭው ያሸንፋል። የልጁ ጠርሙስማ ጭራሽ ባዶ አልነበረም፤ የጣርማ በርን ስስ አየር ይዞ ወርዶ ነው የቆላው ወፍራም አየር የጨመደደው። ክዳኑን ክፈተው አልኩት። አየሩ ሹ ብሎ ገባና ጠርሙሱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አማርኛችንም ያሳስተናል። ምድር ትስባለች፣ ማግኔት ይስባል፣ በሬ ሞፈር ይስባል። እነዚህ እውነትም ይስባሉ። ከዚያ ፓምፑንም፣ ስትሮውንም፣ ሲሪንጁንም፣ ዋግምቱንም በዚያው ቃል እንጠራቸዋለን። ዋግምት ደሙን አይስበውም። ቀንዱ ውስጥ ያለው አየር ሲቀንስ ደሙን ወደዚያ የሚገፋው የራሳችን ሰውነት ነው።

ስህተቱ የኛ ብቻ አይደለም። የአርስቶትልን ሐሳብ የያዙ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት «ተፈጥሮ ባዶ ቦታን ትጠላለች» እያሉ ነበር የሚያስረዱት። ጋሊሊዮን የሚያህል ሰው እንኳ ተሳስቷል። ፓምፕ ውሃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ እንደማያወጣ ሰምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የሰጠው ምክንያት ግን፣ የውሃው ዓምድ ከላይ እንደተንጠለጠለ ገመድ በራሱ ክብደት ይበጠሳል የሚል ነው። እሱም የሚስብ ነገር ነበር የታየው።

ነገሩን የገለበጠው ጋሊሊዮ ከመሞቱ በፊት በመጨረሻዎቹ ወራት አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ ነው። አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስታወት ቱቦ ሜርኩሪ ተሞልቶ፣ ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ውስጥ ተደፋ። ሜርኩሪው ወርዶ ወርዶ 76 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ ቆመ። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ይከብዳል። 76ን በ13.6 ብታባዙት 10.3 ሜትር ይመጣል፤ ያው የፓምፑ ወሰን። (ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ ይህን ቤት ውስጥ የሚሞክር እንዳይኖር።) ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 በጻፈው ደብዳቤ የምንኖረው በአየር ባሕር ሥር ሰጥመን ነው ይላል።

ለኛ ለሸዋ ሰዎች ባሕር ሩቅ ነው፤ ከበግ ፀጉር በሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በመንዝ ባና ላስረዳ። ሃያ ባና አንዱን ባንዱ ላይ ከምሩ። የታችኛው የአሥራ ዘጠኙን ሸክም ችሎ ጥቅጥቅ ይላል። የላይኛው እንደተነፋ ነው። አየርም እንዲሁ ነው። ሸዋ ሮቢት ከክምሩ ሥር፣ ደብረ ብርሃን ከፍ ብሎ፣ ጣርማ በር ደግሞ ከዚያም በላይ። ሽቅብ ስትወጡ ከላያችሁ ባና እየተነሣላችሁ ነው የምትሄዱት። የታችኛውን ባና መዝዛችሁ ብታወጡት ደግሞ መልሶ ይነፋል። ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይልም እ.ኤ.አ. በ1660 የአየርን መለጠጥ ሲያስረዳ ያመሳሰለው ከበግ ፀጉር ጋር ነው፣ መንዝን ሳያይ። ባናው የማይመስለው በአንድ ነገር ነው፦ ባና ወደ ታች ብቻ ይጫናል፣ አየር ግን ወደ ጎንም ወደ ላይም ይገፋል። የጠርሙሱ ጎን የገባው ለዚህ ነው።

ማስረጃው የመጣው ከተራራ ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፓስካል የእህቱን ባል ፔሪየን ፑይ ደ ዶም የሚባል የፈረንሳይ ተራራ ላይ ቱቦውን ይዘህ ውጣ አለው። ፔሪየ መስከረም 19 ቀን 1648 እ.ኤ.አ. 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ። ሜርኩሪው ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ አለ። ሌላ ቱቦ ከታች ገዳም ውስጥ ትተው አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ይጠብቀው ነበር፤ የዚያኛው ሜርኩሪ ንቅንቅ አላለም። ይህ ሁለተኛው ቱቦ ብዙ ጊዜ አይነገርለትም፣ ለኔ ግን የሙከራው ልብ እሱ ነው። እሱ ባይኖር «የአየሩ ጠባይ ተቀይሮ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ባዶ ቦታ የሚስብ ቢሆን ኖሮ ከተራራው ሥርም ከጫፉም እኩል ይስብ ነበር።

«ሳበው በለው ገፋው በለው፣ ውሃው ከወጣ ምን ቸገረህ?» ያለኝ ሰው አለ። ችግሩማ ውሃው አለመውጣቱ ነው! ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ሜርኩሪው የሚቆመው 54 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ በውሃ ሲሰላ 7.3 ሜትር። ጎረቤቴ 8 ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሮ «8 ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ አፉ ላይ ተከለ። አላወጣም። አቅም አንሶት ነው ተባለና ትልቅ ሞተር ገዛ። እሱም አላወጣም። የፈለገውን ሞተር ቢያመጣ አያወጣም፤ ውሃውን ከታች የሚገፋው የደብረ ብርሃን አየር አቅሙ እስከዚያው ነው። 7.3ቱም በወረቀት ላይ ነው። የቱቦ ሰበቃ አለ፣ የአየር ማስገባት አለ፣ ስለዚህ በተግባር 5 ሜትር ካገኛችሁ ደህና ነው። ጉድጓዱ ከዚያ ከጠለቀ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን ፓምፕ ግዙ። እሱ ከሥር ስለሚገፋ ይህ ወሰን አይነካውም።

የፍሪጅ ሠራተኞችም ስሙኝ። የጌጃችሁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያችሁ፣ የቫኪዩም ቁጥር እስከ 30 (ኢንች ሜርኩሪ) ድረስ ተጽፎበታል። ያ ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 21 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። የቫኪዩም ፓምፓችሁ ጤነኛ ነው፣ አትፍቱት፣ ዘይቱንም በከንቱ አትቀይሩ። ይህ መርፌ የሚነግራችሁ ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ውስጥ የቀረውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ማይክሮን ጌጅ ያስፈልጋችኋል፤ እሱ ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ያው ነው።