አንድሮሜዳ ማን ናት?

የአውሮፓ ሥዕል ስታዩ ባሕር ዳር ካለ ቋጥኝ ጋር በሰንሰለት የታሰረች ቆንጆ ካጋጠመቻችሁ፣ አንድሮሜዳ የመሆኗ ነገር ያመዝናል። በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። «የእኛ ልጅ!» ለማለት ግን አንቸኩል። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ ወዲህ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ነበር።

ጥፋቱ የእናቷ ነው። ንግሥት ካሲዮፔያ «ከባሕር አማልክት ልጆች በውበት እንበልጣለን» ብላ ጉራ ነዛች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጣና አገር የሚያጠፋ አውሬ ላከ። መፍትሔው ልጅቷን ለአውሬው መስጠት ነው ተባለ። ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ በመመለስ ላይ የነበረው ጀግና ፐርሴውስ ከሰማይ አያት፤ አውሬውን ገድሎ አገባት። ነገሩ ቅዱስ ጊዮርጊስንና ብሩታዊትን አያስታውሳችሁም? ብሩታዊትን ግን የእኛ ሠዓሊዎች ዛፍ ላይ ያወጧታል እንጂ አያስሯትም።

በሥዕሎቹ ላይ ክንፍ ያለው ጫማ ያደረገው ጎረምሳ ፐርሴውስ ነው። ፀጉሩ እባብ የሆነ ራስ ካያችሁ የሜዱሳ ነው። ሠዓሊው ሩበንስ ክንፋም ፈረስም ጨምሮለታል። በጥንቱ ተረት ግን ያን ፈረስ የጋለበው ሌላ ጀግና ነው።

እኔን የሚገርመኝ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቲሺያን ነው። በ1550ዎቹ ለስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስ የሣለው ሥዕል ዛሬ ለንደን፣ ዋላስ ኮሌክሽን በተባለ ሙዚየም ውስጥ አለ። ከአንድሮሜዳ እግር ሥር ቀይ ኮራል (ቅርንጫፍ የሚመስል የባሕር ድንጋይ) ይታያል። ለጌጥ የገባ እንዳይመስላችሁ። የሮማው ገጣሚ ኦቪድ እንደሚተርከው፣ ፐርሴውስ ከድሉ በኋላ የሜዱሳን ራስ የባሕር ሣር ላይ ቢያስቀምጠው ሣሩ ደርቆ ኮራል ሆነ። በሥዕሉ ላይ ግን አውሬው ገና አልሞተም፤ ፐርሴውስም ቁልቁል እየተወረወረበት ነው። ኮራሉ ቀድሞ የድሉን ወሬ ይነግረናል።

የቆዳዋ ቀለምስ? ቲሺያን ነጭ አድርጓታል፤ ሌሎቹም በብዛት እንደዚያው። ኦቪድ ራሱ በአንድ ግጥሙ «የአገሯን ቀለም የያዘች ጠይም» ይላታል። በሌላው ደግሞ ፐርሴውስ ሲያያት፣ ነፋስ ፀጉሯን ባያወዛውዘው፣ ዕንባዋም ባይወርድ ኖሮ የእብነ በረድ ሐውልት በመሰለችው ነበር ይላል። ሠዓሊዎቹ ጠይሟን ትተው እብነ በረዷን መረጡ።