የክረምት መውጫ ጓሮ፦ እሸት፣ የዱር ለቀማና ማቆያ

ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ነው። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ካልመጣ አይታጨድም። ካለፈው ዓመት እህል ከፊሉ ለዘር ወጥቷል፣ የቀረው ተበልቷል። ይህችን ክፍተት በደጋውና በወይና ደጋው ብዙ ቤተሰብ የሚሻገረው በጓሮው ነው። ክረምት በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል፤ ጓሮው የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን በዚያች በመጨረሻዋ አንድ ወር ተኩል ነው።

ጓሮ ስንል ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ዓመቱን ሙሉ አመድ፣ ፍግና የወጥ ቤት ጥራጊ ሲደፋባት ስለሚከርም ከሩቁ እርሻ ይልቅ ለም ናት። ባለቤቷም ብዙ ጊዜ የቤቷ እመቤት ናት። ምን እንደሚዘራ፣ የትኛው እንደሚቀነጠስ፣ የትኛው ለጎረቤት እንደሚላክ የምትወስነው እሷ ናት። አባወራው ስለ እርሻው እንጂ ስለ ጓሮው ብዙ አያውቅም፣ ብትጠይቁትም ወደ ማጀት ነው የሚጠቁማችሁ።

መጀመሪያ የሚደርሰው በቆሎ ነው። ፂሙ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ሽፋኑን ትንሽ ገለጥ ታደርጉና አንዷን ፍሬ በጥፍር ትወጓታላችሁ። ውሃ ከወጣ ገና ነው። ወተት የመሰለ ከወጣ ደርሷል። ሊጥ ከሆነ አልፎበታል፣ ለእሸት ሳይሆን ለመድረቅ ይቆይ። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ስኳሩ በሰዓታት ውስጥ ወደ ስታርች መቀየር ይጀምራል። ለዚህ ነው እናቶች ድስቱን ጥደው ውሃው ሊፈላ ሲል ልጅ ወደ ጓሮ የሚልኩት። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ይጣፍጣል፣ አልዋሽም፣ ግን ከጓሮ ተቆርጦ ወዲያው ከተቀቀለው ጋር አይወዳደርም። ወቅቱም ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል። ነሐሴ ከ1 እስከ 15 የሚጾም ሰው በቆሎ እሸትና የባቄላ እሸት ባይኖሩ ምን ይውጠው ነበር እላለሁ።

ቀጥሎ ጎመን፣ ዱባና ድንች አሉ። የሐበሻ ጎመን ከታች ከታች ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ለሳምንታት ይበላል፤ እምብርቷን ካልነካችኋት ታቆጠቁጣለች። አገሬው በጎመን ይሰለቻል እንጂ ጎመን አያልቅም። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውም ከዚሁ መሰላቸት የመጣ ነው። ድንች እንኳ ለእኛ አዲስ ነው። ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1858 እንዳስገባው ነው የሚነገረው። በቆሎም፣ ዱባም፣ በርበሬም መነሻቸው አሜሪካ ነው። ዛሬ ያለ እነሱ የክረምት መውጫ ጓሮን ማሰብ ይከብዳል።

ከጓሮው አጥር ባሻገር ደግሞ ለቀማው አለ። አሉማና አመድማዶ ማንም ሳይዘራቸው ይበቅላሉ፤ ለጋ ቅጠላቸው እንደ ጎመን ይቀቀላል። ሳማም ይበላል፣ የፈላ ውሃ ሲያገኘው መለብለቡን ይተዋል። ችግሩ እነዚህን የበላ ሰው አይናገርም። የችጋር ምግብ ተብለው ስለተፈረጁ እንግዳ ሲመጣ ድስቱ ይከደናል። ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ ምክንያቱም በደንብ የተሠራ አሉማ ከብዙ የገበያ ጎመን ይሻላል።

ፍሬው ግን የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የልጆች ነው። አጋም፣ እንጆሪ፣ ቀጋና እንኮይ እንደየአካባቢው በየጊዜያቸው ይደርሳሉ፣ እረኞችም የእያንዳንዱን ቁጥቋጦ አድራሻ በቃላቸው ያውቃሉ። በትግራይና በራያ በኩል ደግሞ ክረምቱ የበለስ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይለቀማል። እሾኩ ከሩቅ የሚታየው አይደለም ክፉው፣ ፀጉር የምታክለው ናት። ፍሬው በረጅም እንጨት ተጠምዝዞ ይወርድና በሣር ይታሻል፣ ከዚያ ሁለቱ ጫፎቹ ተቆርጠው ጎኑ በቢላ ይሰነጠቃል፣ ልጣጩም እንደ ጃኬት ይወልቃል። በባዶ እጁ የያዘ ሰው ማታውን እሾክ ሲለቅም ያመሻል። ከራሴ ነው የምናገረው።

ስለ እንጉዳይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ በየቦታው ይፈላል፤ ሕዝቡም «የጅብ ጥላ» ብሎ ስም አውጥቶለት ይርቀዋል። በደቡብና በምዕራብ ከኩይሳ ላይ የሚበቅለውን ለይተው የሚበሉ አሉ፣ እነሱ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ያውቁታል። የማያውቅ ሰው አይሞክር። በነጭ ሽንኩርት ወይም በብር ማንኪያ ይለያል የሚባለው ወሬ ውሸት ነው፣ መርዛማውን የሚያጋልጥ የቤት ውስጥ ዘዴ የለም።

ማቆየቱ ላይ ስንመጣ፣ የእኛ አገር ዋና ዘዴዎች ፀሐይና ጭስ ናቸው እንጂ ማሰሮ ሙሉ ኮምጣጤ አይደለም። በቆሎው ሽፋኑ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሁለት ሁለት እየሆነ ይታሰርና ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። ጭሱ ነቀዝን ያርቃል። ዱባ ሲቆረጥ እጀታው አብሮ መቅረት አለበት፤ እጀታው ከተነቀለ በቁስሉ በኩል ይበሰብሳል። ጥቂት ቀን ፀሐይ ሞቆ ልጣጩ ሲጠነክር ደረቅ ቦታ ላይ ለወራት ይቀመጣል። ድንችን ብዙዎች መሬት ውስጥ ትተውት ለዕለት የሚበቃውን ብቻ ይቆፍራሉ። ከወጣ በኋላ ግን ብርሃን አይወድም፤ አረንጓዴ የሆነው ይመርዛል፣ አረንጓዴው በደንብ ተቆርጦ ካልወጣ አትብሉት። በርበሬው የሚቀላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ስለዚህ የእሱን ጣጣ እዚህ አልነካካም።

በሶብላም ጊዜው ይኸው ነው። አበባው እንዳለ ይቆረጥና ተዘቅዝቆ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። አንድ ዓመት ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አሰጣሁት። በሁለት ቀን ደረቀ፣ ሽታውም አብሮ ሄደ፣ ድርቆሽ ሆኖ ቀረ። ጦስኝም እንደዚያው ጥላ ይፈልጋል። ጦስኝ ከደጋው ተራራ እየተለቀመ ለሻይ የሚሆነው ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ቲመስ ሺምፐሪ ይባላል። አዎ፣ ያው የድንቹ ሰውዬ።

ውጭ አገር ያለው ሐበሻ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ በረንዳና ጓሮ ላይ ጎመንና ቃሪያ ይተክላል፣ ሁሉም ነሐሴና መስከረም ላይ አንዴ ይደርስበታል፣ ከዚያ ውርጭ ይመጣል። እዚያ የሚያዋጣው ፍሪዘር ነው። ጎመኑ ሁለት ሦስት ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከርና ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ተጨምቆም በፌስታል ይታሸጋል። የፈላ ውሃ ሳያገኘው ከገባ ጣዕሙም ቀለሙም ይለወጣል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ነክሮ ጠረጴዛ ላይ ለሳምንታት ማስቀመጥ። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው መርዝ አየር በሌለበት እንዲህ ባለ ቦታ ነው የሚፈጠረው፣ አይሸትም፣ አይታይም። ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ በጥቂት ቀንም ይበላ።

የመጨረሻው ሥራ ዘር መለየት ነው። ከተሰቀለው በቆሎ ረጃጅሙና ፍሬው የሞላው ለብቻው ይሰቀላል፣ ምንም ቢቸግር አይነካም። ከጎመኑም የማይቀነጠስ ይመረጣል። እኛ ቤት እናቴ በየዓመቱ ሁለት እግር ጎመን ላይ ቀይ ክር ታስር ነበር። አብበው ያፈራሉ፤ ከዘሩ ጥቂቱ ለሚቀጥለው ሰኔ ይቀመጣል፣ የቀረው ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። አንድ ቀን ክሩን ሳላይ ከአንዷ ቅጠል ቀነጠስኩ። ያን ዕለት ጎመን አልበላሁም።