የአንባቢ መረጃ ትንተና በዜና ክፍሎች

ጋዜጣ በወረቀት ብቻ በሚወጣበት ዘመን ዋና አዘጋጁ ስንት ቅጂ እንደተሸጠ እንጂ የትኛው ዘገባ እንደተነበበ አያውቅም ነበር። አሜሪካዊው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ጆርጅ ጋለፕ በ1928 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ጋዜጣውን ከአንባቢው ጋር ዘርግቶ ዓምድ በዓምድ ምን እንዳነበበ ጠየቀ። ከፊት ገጹ ትልቅ ዜና ይልቅ የካርቱን ዓምድ ብዙ አንባቢ እንዳለውም ታየ። ዛሬ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ድረ ገጹ ራሱ ይመዘግባል።

በ2009 ሥራ የጀመረው ቻርትቢት የተባለ የድረ ገጽ መከታተያ አገልግሎት በዚህች ቅጽበት ስንት ሰው አንድን ዘገባ እያነበበ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንደቆየ ለዜና ክፍሉ ያሳያል። የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን ደግሞ ኦፋን የተባለውን፣ እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን በስክሪን ላይ የሚያሳይ ሰሌዳ በራሱ ባለሙያዎች ሠርቷል። አዘጋጆች ቁጥሩን አይተው ርእስ ይቀይራሉ፣ ዘገባውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ፣ ተከታይ ዘገባ ያዝዛሉ። ለአንድ ዘገባ ሁለት ርእስ አውጥቶ ብዙ ሰው የከፈተውን ማቆየትም የተለመደ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ከደመወዝ ጋር ሲታሰር ነው። የኒው ዮርኩ የዜና ድረ ገጽ ጎከር በአንድ ወቅት የጸሐፊዎቹን ክፍያ ከጎብኚ ብዛት ጋር አቆራኝቶ ነበር። ቁጥሩ ራሱ ሊሳሳትም ይችላል፦ ፌስቡክ በ2016 የቪዲዮ አማካይ የዕይታ ጊዜን ለሁለት ዓመት ያህል አጋንኖ ሲያቀርብ እንደነበር አመነ። ከሦስት ሰከንድ በታች የታዩትን ከስሌቱ አውጥቷቸው ነበር። በዚያው ዓመት ማሻብል የተባለው የዜና ድረ ገጽ ሠራተኞቹን ቀንሶ ወደ ቪዲዮ ዞሯል። የከተማ በጀትና የፍርድ ቤት ውሎ እንዲህ ባለው ሚዛን ሁልጊዜ ይቀልላሉ፤ አዘጋጁ እነዚህን ዘገባዎች በራሱ ፍርድ ካላቆያቸው የሚጠብቃቸው የለም።

ሚዛኑ ሲለወጥ ጋዜጠኝነቱም አብሮ ይለወጣል። ገቢውን ከማስታወቂያ ይልቅ ከደንበኞች ክፍያ የሚያገኘው ፋይናንሻል ታይምስ አንባቢው መቼ እንደመጣ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመላለስና ምን ያህል እንደሚያነብ ይለካል። የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ደግሞ ከ2018 በኋላ በነበሩት ዓመታት የዘገባዎቹን ብዛት ቀነሰ፤ አንባቢው ግን ጨመረ። እንደ እኔ እምነት መረጃው ካስገኛቸው መልካም ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው።

በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ለሚሠሩ ብዙ የአማርኛ ዝግጅቶች ዋናው ሰሌዳ የዩቲዩብ ነው። ዩቲዩብ በ2012 ከዕይታ ብዛት ይልቅ ለዕይታ ጊዜ ቅድሚያ መስጠት ጀመረ። ተመልካቹ በየትኛው ደቂቃ ጥሎ እንደወጣም ለአዘጋጁ በመስመር ግራፍ ያሳየዋል። የእንግዳው ጠንካራ ንግግር ከመሐል ተቆርጦ ከመግቢያው በፊት የሚሰማውም ተመልካቹ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች እንዳይወጣ ነው።