ጎራሚ ትንሽ ነው ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም

አዲስ አኳሪየም የከፈተ ሰው ቶሎ ዓይኑ ከሚያርፍባቸው ዓሦች አንዱ ጎራሚ ነው። አይፈረድበትም። ቀለሙ ያምራል፣ ረጋ ብሎ ይዋኛል፣ ከሆዱ ሥር ያሉትን ክር የመሰሉ ሁለት ክንፎች እየዘረጋ ያገኘውን ሁሉ ይዳስሳል፣ በነሱም ይቀምሳል። "ትንሽ ነው፣ ሰላማዊ ነው፣ ከማንም ጋር ይኖራል፣ ምንም አያስቸግርም" ሲባል ደግሞ ሰው ያምናል። አንዳንዱ ዓይነት ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። የቀረው ላይ ግን ብዙ የሚስተካከል ነገር አለ፤ ስለ ጎራሚ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

"አየር ስለሚተነፍስ ፊልተር አያስፈልገውም"

ፊልተር የአኳሪየሙን ውሃ የሚያጣራው መሣሪያ ነው፤ አያስፈልግም የሚለው አባባል ብዙ ዓሣ ገድሏል። መነሻው ትክክል ነው። ጎራሚ ከስንጥቡ በላይ ላቢሪንት የሚባል፣ እጥፋት የበዛበትና በደም ሥሮች የተሸፈነ ተጨማሪ የመተንፈሻ አካል አለው። ወደ ውሃው ገጽ ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና ኦክስጅኑን በዚያ ይወስዳል። ድዋርፍ ጎራሚ የሚባለው ዓይነት የመጣው በጋንጀስና በብራህማፑትራ ተፋሰሶች ካሉ፣ ቀስ ብለው ከሚፈሱና ዕፅዋት ከበዛባቸው ውሃዎች ነው። እንዲህ ዓይነት ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ላቢሪንቱ ያኔ ነፍሱን ያተርፍለታል።

ግን ላቢሪንት አሞኒያ አያጣራም! የዓሣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ አየር የሚተነፍሰውንም የማይተነፍሰውንም ዓሣ ስንጥቡን እኩል ያቃጥለዋል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ በጣም ወዳነሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በብዛት የሚኖሩት ፊልተሩ ውስጥ ሲሆን፣ አዲስ አኳሪየም ላይ በበቂ መጠን እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ስለዚህ ውሃውን በመመርመሪያ ስትለኩት አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 እስኪሆን ድረስ ጎራሚ አታስገቡ። ውሃው ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

ፊልተሩ ውሃውን በኃይል የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጎራሚ ሞገድ ሲታገል መዋል አይወድም። ስፖንጅ ፊልተር፣ ወይም የውሃ መውጫው ወደ ግድግዳ የዞረ ፊልተር ይበቃዋል። ክዳንም አድርጉለት፣ ምክንያቱም የሚጎርሰው አየር ከውሃው ብዙ የቀዘቀዘ ባይሆን ይመረጣል፣ በዚያ ላይ ዘሎ የመውጣት አመልም አለው።

"ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ታፍኗል ማለት ነው"

አይደለም። አልፎ አልፎ ወጥቶ ጎርሶ መመለስ ተፈጥሮው ነው፤ እንዲያውም መንገዱ ከተዘጋበት ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥም ሊታፈን ይችላል። ተንሳፋፊ ዕፅዋት ሲበዙ ሙሉውን የውሃ ገጽ ሳይሸፍኑት ቀንሱለት። የሚያሳስበው ዓሣው ላይ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀርና ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ ሲያንቀሳቅስ ነው። ያኔ መጀመሪያ ውሃውን ለኩ።

"ትንንሽ ሆነው ከተሸጡ ትንንሽ ናቸው"

ሲገዙ አብዛኞቹ ጫጩት ናቸው። በእውነት ትንሽ የሚባሉት ስፓርክሊንግ ጎራሚ (4 ሴንቲሜትር ገደማ)፣ ሃኒ ጎራሚ (5 ገደማ) እና ድዋርፍ ጎራሚ (እስከ 8 ገደማ) ናቸው። ስሪ ስፖት ጎራሚ ግን 15 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ ሰማያዊ ጎራሚና ወርቃማ ጎራሚ እየተባሉ የሚሸጡትም ያው እሱ ናቸው፣ ሲያድግ ደግሞ ጉልበተኛ ይሆናል። ፐርል ጎራሚ 12 ገደማ ይሆናል፣ ለስላሳ ጠባይ አለው፣ ሰፋ ያለ ቤት ግን ይፈልጋል። ኪሲንግ ጎራሚ 30 ይደርሳል። ጃይንት ጎራሚ ወደ 70 ሴንቲሜትር ስለሚያድግ የእሱን ነገር ባናነሳው ይሻላል።

"ሰላማዊ ስለሆነ ሁለት ሦስት ወንድ አብሮ ይኖራል"

ሰላማዊነቱ ለሌላው ዓሣ ነው። ለራሱ ቢጤ ሌላ ፍጥረት ነው። ወንድ ድዋርፍ ጎራሚ ክልል ይይዛል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት ወንዶች ከተገናኙ አንደኛው ሌላውን ከጥግ ጥግ ሲያሳድድ ይውላል፣ ተሸናፊው ምግብ እየተከለከለና እየተጨነቀ ይከሳል፣ በመጨረሻም አንድ ቀን ሞቶ ይገኝና "ምን ነካው?" ይባላል።

እዚህ ላይ የሚያሳስተው ቀለሙ ነው። ፓውደር ብሉ፣ ኒዮን፣ ፍሌም ሬድ እየተባሉ የሚሸጡት የተለያዩ ዝርያዎች ስለሚመስሉ "ከየዓይነቱ አንድ አንድ ልውሰድ" ይባላል። ሁሉም በእርባታ ተመርጠው የወጡ የአንዱ የድዋርፍ ጎራሚ ቀለሞች ናቸው፣ በዚያ ላይ የሚሸጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቷ ብርማና ደብዛዛ ስለሆነች ገዢ የላትም። ለመለየት የጀርባ ክንፉን እዩ፣ የወንዱ ጫፉ ሾል ይላል፣ የሴቷ ክብ ነው። 75 ሊትር አካባቢ በሆነ አኳሪየም ውስጥ አንድ ወንድ ብቻ፣ ወይም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጥሩ ነው፤ ለሴቷ መደበቂያ ካለ። "ብቻውን ከሆነ ይከፋዋል" የሚባለውን ተዉት፣ እንደ ቴትራ በመንጋ የሚኖር ዓሣ አይደለም። ሃኒ ጎራሚ ግን በቡድን ሲሆን ይበልጥ ዘና ይላል።

"ድዋርፍ ጎራሚ ጠንካራ ነው፣ ከሞተ አያያዙ ነው"

አያያዝ የሚገድለው ብዙ ነው፣ ከላይ አይተናል። ግን ይህን ዝርያ በተለይ የሚያጠቃ ኢሪዶቫይረስ የሚባል ቫይረስ አለ፣ በብዛት በሚረቡት ዓሦች መካከልም ተሰራጭቷል። የያዘው ዓሣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ምግብ ይተዋል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ገላው ላይ ቁስል ሊወጣ ይችላል። መድኃኒት የለውም። ውሃው ልክ ሆኖ፣ ምግቡ ልክ ሆኖ፣ ዓሣው ግን ሊሞት ይችላል፤ ያኔ ራስን መውቀስም፣ አንቲባዮቲክ እያፈራረቁ ማፍሰስም ትርፍ የለውም፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራምና። የሚጠቅመው አዲስ ዓሣ ሲመጣ ለ4 ሳምንት ያህል ለብቻው አቆይቶ ማየት ነው።

ለዚህ ነው ጀማሪ ሲጠይቀኝ ሃኒ ጎራሚ የምለው። ቀለሙ እንደ ድዋርፉ አይጮህም፣ በጠባይ ግን ይበልጠዋል፣ ከዚህ ጣጣም ይሻላል። ሰው ግን አሁንም ቀዩን አይቶ ይሄዳል፣ ምን ይደረግ።

"ለኮሚኒቲ አኳሪየም ይሆናል ከተባለ ከማንም ጋር ይሆናል"

ኮሚኒቲ አኳሪየም የተለያዩ የዓሣ ዝርያዎች አብረው የሚኖሩበት ነው። ከኒዮን ቴትራ፣ ከሃርሌኩዊን ራስቦራ፣ ታች ከሚኖረው ኮሪዶራስ ጋር አዎ። ከታይገር ባርብ ጋር በፍጹም፤ እነዚያን ክር የመሰሉ ክንፎች ነካክሶ ይጨርስለታል። ቤታ ከሚባለው ዓሣ ጋርም አይሆንም፣ ሁለቱም ክልል የሚይዙት ላይኛው የውሃ ክፍል ላይ ነው። ጅራቱ ትልቅና ደማቅ የሆነ ወንድ ጋፒ ደግሞ ለጎራሚው ተቀናቃኝ ሊመስለው ይችላል። ጥቃቅን የሽሪምፕ ልጆች ካሉ ጎራሚው ምግብ አገኘ በሉ።

"ላይ ላይ አረፋ ከታየ ውሃው ተበላሽቷል"

አረፋው በአንድ ጥግ የተከማቸ ከሆነና ወንዱ ከሥሩ የማይጠፋ ከሆነ ጎጆ ነው። እንቁላሎቹ እዚያ ተቀምጠው በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይፈለፈላሉ። ወንዱ በዚህ ጊዜ ሴቷን ጨምሮ የተጠጋውን ሁሉ ያባርራል። አረፋውን አጥፍታችሁ "አጸዳሁ" አትበሉ፣ ሴቷ ከተጎዳች ግን ለዩዋት።

"በደንብ እንዲታይ ዕፅዋቱን ቀንሱ"

ተቃራኒው ነው። መደበቂያ ያጣ ጎራሚ ይፈራል፣ የፈራ ጎራሚ ማሞቂያው ጀርባ ተጣብቆ ይውላል። ከኋላ እንደ ጃቫ ሞስ ወይም ክሪፕቶኮሪን ያሉ የውሃ ዕፅዋት፣ ከላይ ጥቂት ተንሳፋፊ ዕፅዋት ስታደርጉለት ሸሽቶ የሚገባበት እንዳለው ያውቅና ወደ ፊት ይወጣል። መብራቱም በጣም አይድመቅ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን።

"ዓሣ ድምፅ የለውም"

ስፓርክሊንግ ጎራሚ አለው። የጎን ክንፎቹን ጅማት በማስፈንጠር ቅርብ የቆመ ሰው የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያወጣል፣ በተለይ ሲጣላና ሴት ሲያባብል። እነዚህን ካስገባችሁ በኋላ አዲስ ድምፅ ከሰማችሁ ፊልተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ዓሦቹን እዩ።