አይስላንድ፦ ምድር ገና ተሠርታ ያላለቀችበት አገር

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ምክንያት ነው። የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነገር ነው። የአገሩ ትውፊት እንደሚለው በ874 ገደማ ኢንጎልፉር አርናርሶን የተባለ ሰው ከኖርዌይ በመርከብ ተነስቶ እዚህ ደረሰ። ከመሬት ሽቅብ የሚትጎለጎል እንፋሎት አየ። ቦታውንም «የጭስ ሰላጤ» አለው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኢትዮጵያን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ሕዝቧ 400,000 ገደማ ነው፤ ከሦስት ሁለቱ እጅ የሚኖረው ሬይክያቪክና ዙሪያዋ ነው። የቀረው ምድር በረዶ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ፏፏቴና የበግ ግጦሽ ነው።

በ2010 ኤይያፍያላዮኩል የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት ዘጋው። አውሮፕላኖች ቆሙ። ያን ዓመት ወደ አይስላንድ የሄደው ጎብኚ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። በ2018 ቁጥሩ 2.3 ሚሊዮን ደረሰ። እሳተ ገሞራው ሰውን ያሸሻል ሲባል ጭራሽ ጠራው። እኔ ይህ አይገርመኝም። ሌላ ቦታ ተራራና ሸለቆ አልቆ የተቀመጠ ነገር ነው። አይስላንድ ውስጥ ግን ምድር ስትሠራ በዓይን ትታያለች።

ምክንያቱ ከሥር ነው። የሰሜን አሜሪካና የዩሬዢያ የምድር ቅርፊቶች በዚህች ደሴት መሀል በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። እንዲህ ያለው መሰንጠቅ በአብዛኛው የሚካሄደው ውቅያኖስ ወለል ላይ ነው። በየብስ ላይ ጎልቶ የሚታይባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ አይስላንድ ነው፣ ሌላው የእኛው አፋር። በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በቀናት ውስጥ ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት፣ ተመራማሪዎች ያነጻጸሩት ከ1975 እስከ 1984 በአይስላንዱ ክራፍላ ከሆነው ጋር ነበር። አገሮቹ ሩቅ ለሩቅ ናቸው። ከመሬት በታች ግን ዘመዳሞች ናቸው።

ሬይክያቪክ ራሷ ትንሽ ከተማ ናት። በአንድ ቀን በእግር ትዳረሳለች። ከየትም አቅጣጫ የሚታየው ሃልግሪምስኪርኪያ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቁመቱ 74.5 ሜትር ነው። ሥራው በ1945 ተጀምሮ በ1986 ነው ያለቀው። ፊቱ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚወጡት ዓምዶች ላቫ (ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የሚፈስ ድንጋይ) ሲቀዘቅዝ የሚፈጥራቸውን የድንጋይ ዓምዶች እንዲመስሉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከተማውን ሳትለቁ ጂኦሎጂ ተማራችሁ ማለት ነው። ዋናው የገበያ መንገድ ላውጋቬጉር ይባላል፤ ወደ ማጠቢያው የሚወስድ መንገድ እንደማለት ነው። ድሮ ሴቶች ልብስ ተሸክመው ወደ ፍል ውሃው የሚሄዱበት መንገድ ነበር።

ያ ፍል ውሃ ዛሬ በቧንቧ ገብቷል። ከአይስላንድ ቤቶች 90 በመቶ ያህሉ የሚሞቁት ከመሬት በሚወጣ ሙቀት ነው። ሻወር ስትወስዱ ሙቁ ውሃ ትንሽ የድኝ ሽታ ይኖረዋል። አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነው። ቀዝቃዛው ደግሞ እንደ ምንጭ ውሃ ንጹሕ ስለሆነ የታሸገ ውሃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የአገሩን ሰው ማግኘት ከፈለጋችሁ ወደ ሕዝብ መዋኛ ሂዱ። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ፖለቲከኛው ሁሉ ሙቅ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ወሬ የሚያወራው እዚያ ነው። አንድ ሕግ ግን አለ፤ ከመግባታችሁ በፊት ልብስ ሙሉ በሙሉ አውልቆ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ለብዙ ሐበሻ ይከብዳል። ቢሆንም ማንም ማንንም አያይም።

ሌላም የሚያቀራርበን ነገር አለ፤ ስማቸው። አይስላንዶች በአብዛኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል። አባቷ ቶማስ ከሆነ ልጅቷ ቶማስዶቲር ትባላለች፣ «የቶማስ ልጅ» ማለት ነው። ወንዱ ቶማስሶን ይሆናል። ፕሬዚዳንት የሆነ ሰውም ቢሆን የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የስልክ ማውጫውም ሲታተም የሚደረደረው በራስ ስም ነበር። ውጭ አገር «የቤተሰብ ስምዎ ማነው?» እየተባለ መከራውን ላየ ኢትዮጵያዊ እዚህ ማብራራት አያስፈልገውም።

ከከተማው ውጭ መጀመሪያ የሚሄደው ሰው ሁሉ የሚያያቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ አንድ ላይ «ወርቃማው ዙር» ይባላሉ። ከሦስቱ ትልቁ ለእኔ ቲንግቬሊር ነው። በ930 የደሴቲቱ ሰፋሪዎች ሜዳ ላይ ተሰብስበው አልቲንግ የሚባለውን ሸንጎ መሠረቱ። ንጉሥ አልነበራቸውም። የጽሑፍ ሕግም አልነበራቸውም። የሕግ ተናጋሪው ድንጋይ ላይ ቆሞ በየዓመቱ የሕጉን አንድ ሦስተኛ በቃሉ ይለው ነበር። በ1000 ግድም አገሩ ክርስትናን ይቀበል ወይስ በድሮው እምነት ይጽና የሚለው ጠብ ሊያጫርስ ደረሰ። ዳኝነቱ ለሕግ ተናጋሪው ለቶርጌይር ተሰጠ። እሱ ራሱ የድሮው እምነት ተከታይ ነበር። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ካባውን ተከናንቦ ተኛ ይባላል። ሲነሳ ክርስትናን እንቀበል አለ፤ ደም ሳይፈስ አለቀ። በ1944 አይስላንድ ከዴንማርክ ተለይታ ሪፐብሊክ መሆኗ የታወጀውም እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ዩኔስኮ በ2004 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

ሸንጎው የተሰበሰበበት ገደል ራሱ ቅርፊቶቹ ሲራራቁ የተፈጠረ ስንጥቅ ነው። አስጎብኚዎች «አንድ እግር አሜሪካ፣ አንድ እግር አውሮፓ» ይላሉ። ደስ የሚል አነጋገር ነው፤ እውነቱ ግን የስምጥ ሸለቆው ስፋት በርካታ ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ መስመር ተሻግራችሁ አህጉር አትለውጡም። አጠገቡ ሲልፍራ የሚባል በውሃ የተሞላ ስንጥቅ አለ። ከበረዶ ግግር የቀለጠ ውሃ በላቫ ድንጋይ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተጣርቶ ነው እዚህ የሚደርሰው። በውስጡ እስከ 100 ሜትር ድረስ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ስለሆነ ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ ነው የሚዋኘው።

ሁለተኛው ጌይሲር ነው። ፈረንጆች ከመሬት እየተፈናጠረ ለሚወጣ ፍል ውሃ ሁሉ የሚጠቀሙበት ስም የመጣው ከዚህ ነው። አሮጌው ጌይሲር አሁን ከስንት አንዴ ነው የሚነሳው። ጎረቤቱ ስትሮኩር ግን በየ5 ወይም በየ10 ደቂቃው 15 ወይም 20 ሜትር ይወረወራል።

ሦስተኛው ጉልፎስ፣ «የወርቅ ፏፏቴ» ነው። 32 ሜትር በሁለት ደረጃ ይወርዳል። ውበቱን ሁሉም ያየዋል። በሕይወት የተረፈበትን ታሪክ ግን ብዙ ጎብኚ ሳያውቀው ይመለሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የውጭ ባለሀብቶች ፏፏቴውን ገድበው ኤሌክትሪክ ሊያመነጩበት ተከራዩት። የአካባቢው ገበሬ ልጅ ሲግሪዱር ቶማስዶቲር እምቢ አለች። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሬይክያቪክ በእግሯ እየተመላለሰች አቤት አለች። ፏፏቴው ከተነካ ራሴን እወረውርበታለሁ አለች። ጠበቃዋ ስቬይን ቢዮርንሶን ነበር፤ በኋላ በ1944 የአይስላንድ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው ነው። ክሱን አላሸነፈችም። ኪራዩ ሳይከፈል ቀረና ውሉ ፈረሰ፤ ፏፏቴው ግን ቀረ። ፊቷ የተቀረጸበት ድንጋይ ከፏፏቴው በላይ ቆሟል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት እሷ ጋ ቁሙ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቀው «ሰማያዊው ሐይቅ» ዝናው ሰፊ ነው። የተፈጥሮ ሐይቅ ግን አይደለም። ስቫርትሴንጊ የሚባለው የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት) ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ተጠቅሞ የሚለቀው ውሃ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም ያለበት ሰው ገብቶ ቢታጠብበት ተሻለው፤ ወሬው ተሰማና ሰው መጣ። ዋጋው ውድ ነው። ለእኔ የሕዝብ መዋኛዎቹ ይበልጣሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ክፍት መሆኑን አጣሩ። ይህ የሬይክያኔስ ልሳነ ምድር ለ800 ዓመት ያህል ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ በ2021 ነቃ። በኅዳር 2023 የግሪንዳቪክ ከተማ 3,800 ያህል ነዋሪዎች በአንድ ሌሊት ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ላቫው ደጋግሞ ፈሷል። ቤት አቃጥሏል፤ የሐይቁን መኪና ማቆሚያም ሸፍኗል። ለጎብኚ ትዕይንት የሆነው ነገር ለእነዚያ ሰዎች ቤታቸው ነው። ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የደቡቡ ጠረፍ መንገድ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ሴልያላንድስፎስ ከ60 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በጀርባው በኩል ዞራችሁ ውሃውን ከውስጥ ታዩታላችሁ፣ ጃኬት አትርሱ። ስኮጋፎስም ቁመቱ ያው ነው። ወፍራም ነጭ መጋረጃ ይመስላል። ፀሐይ ስትወጣ ቀስተ ደመና አያጣውም። ቀጥሎ ሬይኒስፍያራ ይመጣል። አሸዋው ጥቁር ነው። ገደሉ እንደተጠረበ ዓምድ የተደረደረ ባዛልት ነው። እዚህ ላይ ግን ልለምናችሁ። ባሕሩ ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት አንድ ትልቅ ማዕበል ይልካል። ሰው ወስዷል፣ ከአንዴም በላይ። የማስጠንቀቂያ መብራቱን እዩ፣ ጀርባችሁን ለባሕር አትስጡ።

ከዚያ ወዲያ ቫትናዮኩል ነው። ይህ የበረዶ ግግር ብቻውን ከአገሪቱ ስፋት 8 በመቶ ገደማ ይሸፍናል። ከሥሩ እሳተ ገሞራ አለ። እሳትና በረዶ አንድ ላይ ስለሚኖሩበት በ2019 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከግግሩ የተሰበሩ ተራራ የሚያካክሉ በረዶዎች ዮኩልሳርሎን በሚባለው ሐይቅ ላይ ይንሳፈፋሉ። አንዳንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዳንዱ በአመድ የተሸረጠ። ትንንሾቹ ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ ማዕበሉም መልሶ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ይጥላቸዋል። በፀሐይ ሲያበሩ አልማዝ የፈሰሰ ይመስላል። ይህ ሐይቅ ከ1930ዎቹ በፊት አልነበረም። ግግሩ ሲሸሽ የተወው ጉድጓድ ነው፤ በየዓመቱም ይሰፋል። ውበቱን እያያችሁ በረዶው ሲያልቅ ነው የምታዩት።

ሰሜኑን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያሳዝናል። ቶርጌይር ከዚያ ውሳኔ በኋላ ጣዖቶቹን ወረወረበት የሚባለው ጎዳፎስ ያለው እዚያ ነው። ሁሳቪክ ከሚባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ በጀልባ ወጥታችሁ ዓሣ ነባሪ ታያላችሁ። ሚቫትን ሐይቅ ዙሪያ ጭቃው ይፈላል፣ መሬቱ ቢጫና ቀይ ነው። ዳሎልን ያየ ሰው ያስታውሰዋል። በስተ ምዕራብ ያሉት ፊዮርዶች (በገደሎች መሀል ወደ የብስ የገቡ ጠባብ የባሕር ክንዶች) ጊዜ ላለው ሰው ናቸው፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ፓፊን የሚባሉ ባለ ቀለም ምንቃር ወፎች ከገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው አጠገባቸው ድረስ ያስቀርባሉ።

መቼ ይኬድ? ሰኔ ላይ ሬይክያቪክ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ቶሎ ተመልሳ ትወጣለች። ሌሊት የለም ማለት ይቻላል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ብርሃን የሚታየው 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አረንጓዴ መጋረጃ ሆኖ የሚወዛወዘውን የሰሜን ብርሃን የፈለገ ከመስከረም እስከ መጋቢት ይሂድ። በበረዶው ወራት መኪና መንዳት ለማያውቀው ሰው ከባድ ነው። ነፋሱ የመኪና በር ይገነጥላል፤ በሩን በሁለት እጅ ይዞ መክፈት የአገሩ ልማድ ነው። ደሴቲቱን የሚዞረው ቁጥር 1 መንገድ 1,322 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሳምንት ይበቃዋል። ከመንገድ ወጥቶ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። ላቫውን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው ለስላሳ አረንጓዴ ተክል አንዴ ከተረገጠ ለማገገም አሥርት ዓመታት ይወስድበታል።

የእኛ ሰው በብዛት ካለባቸው ከዋሽንግተን፣ ከሲያትል፣ ከሚኒያፖሊስና ከዴንቨር አይስላንድኤር ወደ ኬፍላቪክ ይበራል። ወደ አውሮፓ ስትሻገሩ የአውሮፕላን ዋጋ ሳይጨምር እስከ 7 ቀን መቆየት ይፈቅዳል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ቪዛ አያስፈልገውም። አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) ውስጥ ናት። ስዊድን ወይም ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሌላ ቪዛ ሳይጠይቅ ይገባል። ግሪን ካርድ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ማውጣት አለበት። ምግብና መኝታ በጣም ውድ ስለሆነ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ ራስ ማብሰል ያዋጣል።

በሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አይስላንድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የጂኦተርማል ሥልጠና ትሰጣለች። ኢትዮጵያውያን ጂኦሎጂስቶችና መሐንዲሶች እዚያ ተምረው ተመልሰዋል። ሬይክያቪክ ጂኦተርማል የሚባለው ድርጅትም ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉት በኮርቤቲና በቱሉ ሞዬ የጂኦተርማል ፕሮጀክቶች ውስጥ ገብቶ ሠርቷል።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቲንግቬሊርን አይለፍ። ከሬይክያቪክ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ጠዋት በማለዳ፣ አውቶቡሶቹ ሳይደርሱ ገደሉ ውስጥ የገባ ሰው የሚሰማው ነፋሱንና ውሃውን ብቻ ነው።